እጅሽ አይቅደም

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

  ባለፈው እሁድ ደውለሽ "ጋሼ፣ ጋራዡ የኤሌክትሪክ መኪና ክፍል ሊከፍት ነው፤ እኔን መደቡኝ" ስትዪኝ "ጎሽ የኔ ልጅ!" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ግማሽ ልቤ ይደሰታል፤ ግማሹ ያንን ብርቱካንማ የከፍተኛ ቮልቴጅ ገመድ በባዶ እጅሽ ስትይዢ ያይብኛል። ስለዚህ ተነስቼ ጻፍኩልሽ። ቁጥር የሰጠሁት ቀድደሽ የመሣሪያ ሳጥንሽ ክዳን ላይ እንድትለጥፊው ነው። ረዘመ ካልሽ ሦስተኛውን ብቻ ለጥፊ።

1. እኔ ሥራውን የለመድኩት ተክለሃይማኖት አካባቢ፣ በአንድ ጋራዥ በረዳትነት ነው። ያኔ ዕውቀት ሁሉ በእጅና በጆሮ ነበር። ካንዴላ እሳት መስጠቱን ለማየት ገመዱን ነቅለን ብረት አጠገብ እናስጠጋዋለን፤ ጠቅ ጠቅ ካለ ደህና ነው። አለቃዬ የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግፎ የተበላውን ኩሽኔታ ይለያል። ባትሪ መሙላቱን ሁለቱን ጫፍ በፒንሳ አገናኝቶ በብልጭታው የሚፈርድም ነበር። ካንዴላው ሲመታሽ ትሳደቢያለሽ፣ ጓደኞችሽ ይስቁብሻል፣ ሥራ ይቀጥላል።

ይሄኛው መኪና እንደዚያ አይቀልድም። ድምፅ የለው፣ ሽታ የለው፣ ንዝረት የለው፤ የተኛውና የነቃው በመልክ አይለዩም። በመኪና ሙያ ከ60 ቮልት በላይ የሆነ የባትሪ ኤሌክትሪክ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይባላል። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩበት በቤንዚንም በባትሪም የሚሄደው የቶዮታ ሃይብሪድ፣ ሁለተኛው ትውልድ ፕሪየስ፣ ባትሪው 201.6 ቮልት ነው፤ ለሞተሩ በሚለውጠው ኢንቨርተር ውስጥ ሲገባ እስከ 500 ይወጣል። እናንተ ጋ የገቡት ሙሉ ኤሌክትሪኮች አብዛኞቹ 400 በሚባለው ደረጃ ያሉ ናቸው፤ የ800ም አለ። የቤት መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን እየነካ ያልፋል፤ የባትሪ ኤሌክትሪክ ግን ዜሮ የሚባል ነገር አያውቅም። ሥራ ላይ ያለ ሶኬት ብትነቅዪበት የተነሳው እሳት እንደ ቤቱ ማብሪያ ማጥፊያ ብልጭ ብሎ አይጠፋም፤ መዳቡን እያቀለጠ ተዘርግቶ ይቆማል። በአርባ ዓመት የለመድኩትን "እስቲ ልንካው" የሚል ጠባይ የተውኩት በግድ ነው። አንቺ ገና ሳትለምጂው ተዪው፤ መለኪያው ይቅደም፣ እጅሽ ይከተል።

2. "ጠፍቷል" ያለሽን ሰው አትመኚ። እዚህ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ፣ ታክሲ የሚነዳ ሐበሻ ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ፕሪየስ ነዳጅ የማይጠጣ መኪና ሆኖ ሲመጣ ብዙዎቹ ወደሱ ዞሩ፤ እኔም ቨርጂኒያ ውስጥ ሁለት መኪና የሚያስገባ ቦታ ተከራይቼ የነሱ ሐኪም ሆንኩ። አንድ ቀን አንድ የጎንደር ልጅ "ጋሼ፣ ቺንጋው ይጮሃል" ብሎ መጣ። የዚያ ዘመን ፕሪየስ የውሃ ፖምፓውን የምታዞር አንዲት ቺንጋ አለችው። ልጁ ሐምሌ ስለሆነ ኤሲ ከፍቶ ወንበሩ ላይ ስልኩን ያያል። ኮፈኑን ከፈትኩ፤ ጸጥ ያለ ነው። ቺንጋዋ መላላቷን ለማወቅ እንደ ድሮዬ በአውራ ጣቴ ተጫንኳት። ኤሲው ባትሪውን እየበላው ኖሮ ኮምፒዩተሩ ሞተሩን በራሱ አስነሳው። የአውራ ጣቴን ጥፍር ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ሆነሽ "ለምን ጠማማ ሆነ?" ብለሽ ጠይቀሽኝ ዋሽቼሻለሁ። በር ቆርጦት አይደለም።

ዳሽቦርዱ ላይ "ሬዲ" የምትል መብራት ወይም የመኪና ምልክት ካለች መኪናው ነቅቷል ማለት ነው። አጥፊው፣ ቁልፉን ውሰጂ፣ ከመኪናው ቢያንስ 5 ሜትር ራቅ አድርገሽ በቆርቆሮ ሣጥን ቆልፊበት። ባለቤቱ "ስልኬን ረሳሁ" ብሎ ሊገባ ቢሞክር እንኳን ቁልፉ ያንቺ ነው።

3. አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ብርቱካንማ ገመድ የሚነካ ሥራ ሁሉ በዚህ ቅደም ተከተል ይሄዳል፤ አንዱንም አትዝለዪ።

ቁልፉ ከራቀ በኋላ የትንሿን የ12 ቮልት ባትሪ ኔጋቲቭ ፍቺ። ለትልቁ ባትሪ በር የምትከፍትለት ይህች ትንሿ ናት፤ ሬሌዎቹን ይዛ የምታቆያቸው እሷ ስለሆነች ስትፈታ በሩ ይዘጋል። ከዚያ ጓንት አድርገሽ ትልቁን ባትሪ ከመስመሩ የሚለየውን የጥገና መቁረጫ ትነቅያለሽ። ፕሪየስ ላይ ከኋላ፣ ባትሪው አጠገብ፣ ብርቱካንማ እጀታ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ሁሉም እንደዚያ አይደለም፤ አንዳንዱ የሚያስነቅልሽ ከኮፈኑ ሥር ያለች ትንሽ የ12 ቮልት ሶኬት ብቻ ነው፣ አይተሽ "ይቺ ምን ታደርጋለች?" ትያለሽ። ስለዚህ የዚያኑ መኪና፣ የዚያኑ ዓመት ማኑዋል ሳታዪ ምንም አትንቀዪ። የነቀልሽውን መቁረጫ ቱታሽ ኪስ ክተቺው። ጠረጴዛ ላይ አትተዪው፤ ደግ ሰው መጥቶ መልሶ ይሰካልሻል።

ቀጥሎ ጠብቂ። ኢንቨርተሩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ባትሪው ከተቆረጠም በኋላ የያዙትን ይዘው ይቆያሉ። እንደ መኪናው 5 ወይም 10 ደቂቃ ይላል ማኑዋሉ፤ እኔ ሁልጊዜ 10 አደርገዋለሁ። ሻይ ጠጪ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ያቺ ቢያንስ የምትለቅመው ነበራት።

ከጠበቅሽ በኋላ ትለኪያለሽ፤ እዚህ ላይ ነው ጎበዝ የሚባለውም የሚሳሳተው። መልቲሜትርሽ "ካት 3፣ 1000 ቮልት" የሚል ጽሑፍ ያለው ይሁን፤ ገመዶቹም ጭምር። መጀመሪያ የምታውቂውን ነገር ለኪ፤ ከመኪናው የተፈታችውን 12 ቮልት ባትሪ። 12 ምናምን አሳየሽ? ጥሩ፣ መለኪያው ይሠራል። አሁን ማኑዋሉ ያሳየሽን የከፍተኛ ቮልቴጅ ጫፎች ለኪ፤ ፖዘቲቭ ከኔጋቲቭ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ከቦዲው ጋር። ዜሮ ወይም ዜሮ አጠገብ መሆን አለበት። ከዚያ ተመልሰሽ ያችኑ 12 ቮልት ደግመሽ ለኪ። ለምን? መካከል ላይ የመለኪያሽ ገመድ ቢበጠስ እሱም ዜሮ ያሳያል። የሞተ መለኪያ ዜሮና የሞተ መስመር ዜሮ አንድ ናቸው። ሦስተኛዋን ልኬት የሚዘል መካኒክ ብዙ አይቻለሁ፤ አንዳቸውም እስካሁን አልሞቱም፣ ያንን እንደ ማስረጃ የሚቆጥሩት እነሱ ናቸው።

ይህን ሁሉ ጨርሰሽም ባትሪው ራሱ አልጠፋም። በሩን ነው የዘጋሽው፤ ውስጡ ያለው እንዳለ ነው።

4. ጓንት ስል የዕቃ ማጠቢያውን ወይም የበያጁን ማለቴ አይደለም። ለኤሌክትሪክ የተሠራ የጎማ ጓንት ነው፤ "ክላስ 0" የሚባለው እስከ 1000 ቮልት ተለዋዋጭ ይችላል። ላዩ ላይ የቆዳ ጓንት ይደረብበታል፤ ቆዳው ጎማውን ከብረት ስለት ይጠብቀዋል እንጂ በራሱ ኤሌክትሪክ አይከላከልም። ሁልጊዜ ከመልበስሽ በፊት የጓንቱን አፍ ይዘሽ አየር እንደያዘ ወደ ጣቶቹ ጠቅልዪው፣ ጨቁኚ፣ ጉንጭሽ አጠገብ አድርገሽ አዳምጪ። ጢስ የምታህል ትንፋሽ ከተሰማሽ ጣዪው፤ ገንዘብ ነው ብለሽ አትሳሺ። ደህና ቢመስልም በየ6 ወሩ በመሣሪያ ይፈተናል።

ቀለበት፣ አምባር፣ ሰዓት አውልቂ። ያንገትሽ የብር መስቀል ጎንበስ ስትዪ ቀድሞሽ ነው የሚደርሰው። ክሩን ተዪው፣ መስቀሉን ኪስሽ ክተቺው። እናትሽ ብትቆጣ እኔን ትጥራ።

5. ብቻሽን አትሥሪ። አጠገብሽ የሚቆመው ሰው ሊያግዝሽ ሳይሆን ሊያይሽ ነው፤ ሥራ አትስጪው። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጅ መጎተት ሁለት ሬሳ ማድረግ መሆኑን አስቀድመሽ ንገሪው። እዚህ ረጅም የፋይበር መንጠቆ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ እናንተ ጋ ከሌለ ደረቅ፣ ሚስማር የሌለው ረጅም እንጨት ይኑር፣ ቦታውም ለሁሉም ይታወቅ። መኪናውን በገመድ ከልዪ፣ "ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ አትንኩ" ብለሽ በትልቁ ጻፊ። ጋራዥ ውስጥ የማይገባ እንግዳ፣ የማይነካ ዕቃ የለም፤ የእኛን ሰው ታውቂዋለሽ።

6. መኪናው ሞተ ሲሉሽ ከትንሿ ባትሪ ጀምሪ። ባለፈው ወር የነገርሽኝ ሴትዮ፣ "ትልቁ ባትሪ ሄዷል" ተብላ ስታለቅስ የነበረችው፣ ያንቺ ቴስተር 12 ቮልቷ ላይ 9 አሳየሽ አላልሽም? ያ ነው። ይህች ትንሽ ባትሪ ስትደክም ሬሌዎቹ አይያዙም፤ ትልቁ ባትሪ ሞልቶ ተርፎ መኪናው ግን ድንጋይ ነው። ዲናሞ የለም፤ ከትልቁ ባትሪ ቀንሶ የሚሞላት አንድ መቀየሪያ አለ፣ እሱንም አብረሽ ለኪ። መኪናው ወር ሙሉ ግቢ ውስጥ ሲቆም ቀድማ የምትሞተው እሷ ናት። አንድ ደግሞ፦ የጎረቤት አይሱዙ አልነሳ ሲል ከሃይብሪድ መኪና በገመድ እንድታስነሺለት ይመጣሉ። አይሆንም በዪ። የአይሱዙ ሞተሪኖ የሚጎትተውን ያህል ይህቺ ባትሪም መቀየሪያውም አልተሠሩለትም።

7. እንጀራሽ የሚወጣው ከብርቱካንማው ገመድ ሳይሆን ከአቧራው ነው። ታክሲ ፕሪየስ "ባትሪው ይሞቃል" ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው የኋላ ወንበር ጎን ያለችውን የአየር ማስገቢያ ነው። ባትሪው የሚቀዘቅዘው ከመኪናው ውስጥ በሚስበው አየር ነው፤ ተሳፋሪ ኮቱን ይጥልበታል፣ ሻንጣ ይደገፍበታል፣ ሰው ውሻውን ይዞ ይሳፈራል። ፋኑን ፈትቼ ሳወጣ የበግ ለምድ የመሰለ ብናኝ ክንፎቹን ጠቅልሎት አገኛለሁ። በብሩሽና በአየር ለማጽዳት ግማሽ ቀን፤ ያልጸዳ እንደሆነ የብዙ ሺህ ዶላር ባትሪ። የአዲስ አበባን የበጋ አቧራ ሳስበው ለባትሪዎቹ አዝናለሁ። ፋኑ ባትሪው ጎን ስለሆነ ግን ሦስተኛውን ምክር ሳትጨርሺ አትፍቺው።

ፍሬን ሌላው ነው። መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ ሸራው ብዙም አይበላም፤ ባለቤቱም "ፍሬኔ አዲስ ነው" ይላል። ያልተሠራበት ካሊፐር ግን ይደርቃል። እዚህ የክረምት ጨው፣ እናንተ ጋ ዝናብና ጭቃ ማንሸራተቻዎቹን ያዝጋቸዋል፤ በጭንቅ ጊዜ አንዱ ጎማ ይይዛል፣ ሌላው ዝም ይላል። በየዓመቱ ፍቺ፣ አጽጂ፣ ግሪስ ቀቢ። የቶዮታን ሃይብሪድ ፍሬን ከመንካትሽ በፊት ግን የፍሬኑን ፖምፓ በማኑዋሉ መሠረት አስተኚው። ስፖርቴሎ ሲከፈት ብቻ ተነስቶ ግፊት የሚሰጥ አለ፤ ጣትሽ ፒስተኑ ጋ ሆኖ አንዱ በሩን ቢከፍት አስቢው።

ክሪክ ደግሞ ሙሉ ኤሌክትሪክ መኪና ሆዱ ባትሪ ስለሆነ የትም አይደገፍም። የተፈቀዱት ነጥቦች አራት ናቸው፤ ፈልጊያቸው። አንድ ቮልስዋገን አይዲ.4 ወደ 2,000 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ነው፣ የምታነሺበት ማሽንም ይችል እንደሆነ እዪ። መኪናው ከፍ ባለ ቁጥር የባትሪውን ሆድ በመብራት ተመልከቺ፤ ድንጋይና የፍጥነት መቀነሻ የሚመታው እሱን ነው። የተሰረጎደ ካየሽ "ምንም አይደል" አትበዪ፣ ጻፊና ለባለቤቱ አሳዪ። ሲጎተትም የሚነዱት ጎማዎች መሬት መንካት የለባቸውም፤ ጎማው ከዞረ ሞተሩ ያመነጫል።

8. ፈሳሽ በፈሳሽ አይተካም። አንድ ደንበኛዬ ኤሲው ሌላ ቦታ ጋዝ ተሞልቶለት በሳምንቱ መኪናው "ኤሌክትሪክ ይፈስሳል" የሚል ስህተት ይዞ መጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ገመድ ለገመድ ስሄድ ኖርኩ፤ ሁሉም ደህና። በመጨረሻ የኤሲ ኮምፕረሰሩን ከመስመሩ ነጥዬ በኢንሱሌሽን መለኪያው ሳየው እሱ ሆኖ ተገኘ። ይህ ኮምፕረሰር የሚዞረው በቺንጋ ሳይሆን በከፍተኛ ቮልቴጅ ሞተር ነው፤ ዘይቱም የሞተሩን ሽቦ እያጠበ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ የራሱ ዘይት አለው፣ ቶዮታ ላይ "ኤንዲ-11" የሚባለው። ያ ጋራዥ ለተራ መኪና የሚሆነውን "ፓግ" የሚሉትን አስገብቶበታል። ጥቂቱ እንኳን ይበቃል፤ ፓግ የነካው የመሙያ ማሽንና ቱቦ ራሱ ይበክለዋል። ልጁ ኮምፕረሰር ገዛ።

የኢንሱሌሽን መለኪያ አጠቃቀም ቶሎ ተማሪ። ዓለም አቀፉ ደንብ በባትሪው በኩል ኢንሱሌሽኑ ለእያንዳንዱ ቮልት ከ100 ኦም እንዳያንስ ይላል፤ የ400 ቮልቱ መኪና 40,000 ኦም ማለት ነው። ያ የመጨረሻው ወለል ነው፤ ጤነኛው በሚሊዮን ነው የሚያሳይሽ። ለባትሪ ማቀዝቀዣም የቧንቧ ውሃ አትጨምሪ፤ አንዳንዱ መኪና ኤሌክትሪክ የማይመራ ልዩ ፈሳሽ ነው የሚፈልገው።

9. ባትሪ ለመክፈት አትቸኩዪ። ፕሪየሱ 28 ቁራጭ ነው፤ አንዱ ሲሞት አንዱን ብቻ ቀይሮ መመለስ ይቻላል፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ባለታክሲው በርካሽ ስለሠራሁለት መርቆኝ ሄደ። ሦስት ወር ሳይሞላ ሌላኛው ቁራጭ ሞተ፤ ቀጥሎ ሌላኛው። የደከሙ ሽማግሌዎች መካከል አንድ ጎረምሳ ብታስገቢ ሥራው እኩል አይሆንም። አራተኛው ላይ ገንዘቡን መልሼለት ሙሉ ባትሪ አስገዛሁት። አሁን ቢሆን ከመጀመሪያው እነግረዋለሁ፤ ይህ ማስታገሻ ነው፣ መድኃኒት አይደለም፣ ምረጥ እለዋለሁ።

ያ ግን ኒኬል ነው፣ ታጋሽ ነው። የሊቲየሙን ሣጥን ሥልጠናውን ሳትወስጂ፣ ቦታውና መሣሪያው ሳይኖርሽ አትክፈቺ። "ዩቲዩብ ላይ አይቻለሁ" የሚል አለቃ ቢያዝሽም አትክፈቺ። አንድ ነገር ቢፈጠር ያዘዘሽ ሁሉ በሩ ውጭ ነው የሚቀረው።

10. ከባትሪው ነጭ ጭስ፣ ፉጨት ወይም እንደ ፈንድሻ የሚንጣጣ ድምፅ ከመጣ መሣሪያሽን ጥለሽ ውጪ፤ ጭሱ መርዝ ነው። ትንሿ የእሳት ማጥፊያ አታቆመውም፣ ብዙ ውሃ ነው የሚፈልገው። የጠፋ መስሎ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ደግሞ ይነሳል። ስለዚህ የተጋጨ ወይም ጎርፍ የገባበት መኪና ጣራው ሥር አይደር፤ ከሕንፃና ከሌላ መኪና 15 ሜትር ርቆ ይቁም። ግቢው ይጠባል ካሉሽ መኪናውን አትቀበሉ።

11. በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከታገደ ወዲህ እናንተ ጋ የመጣው ብዙው የቻይና ገበያ መኪና ነው። የምታወሪልኝ አይዲ.6 ከቻይና ውጭ ለመሸጥ እንኳን አልተሠራም፤ ስክሪኑ በቻይንኛ፣ የቻርጅ ሶኬቱ በቻይና ደረጃ፣ ማኑዋሉም እንደዚያው። ይህን እንደ እርግማን አትቁጠሪው። እኛ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ ስንል ጣሊያንኛ እየተማርን መሆኑን ማን ነገረን? አንቺም "መብራት አለ"፣ "አትንካ"፣ "ኢንሱሌሽን" የሚሉትን የቻይንኛ ፊደላት በመልካቸው ለይተሽ ደብተርሽ ላይ ገልብጪያቸው። ሃያ ቢሆኑ ነው። ለቀረው ስካነርሽን በደንብ ግዢ፤ ስህተት ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅ የሚያሳይሽ ይሁን። እዚህ የመካኒኮች ፈተና የሚያወጣው ኤኤስኢ "ኤል3" የሚል የሃይብሪድና የኤሌክትሪክ ፈተና አለው፤ ልትፈተኚ ባትችዪም የሚያጠኑበትን አርዕስት ፈልጌ እልክልሻለሁ፣ ምን እንደሚቀርሽ ያሳይሻል።

ጓንቱን በተመለከተ፣ እዚያ ፈልጌ አጣሁ ያልሽውን ገዝቼ አስቀምጫለሁ ልልሽ ነበር፤ ግን የእጅሽን ቁጥር አላውቅም። ሰፋ ያለ ከሆነ ብሎን አይይዝልሽም፣ ከጠበበ ቶሎ ይቀደዳል። ክር ውሰጂና የቀኝ መዳፍሽን ዙሪያ፣ አውራ ጣትን ሳትጨምሪ፣ ከሌሎቹ ጣቶች ሥር ለክተሽ በሴንቲሜትር ጻፊልኝ። የሰፈራችን ሰው ለጥምቀት ወደ አዲስ አበባ ይመጣል፤ በሱ እሰደዋለሁ። እስከዚያ ጥፍርሽን ቁረጪ፣ ጎማውን ይበሳዋል።

አጎትሽ